ስልኬ ያገኘውን ዋይፋይ ላፕቶፔ ለምን አጣው? ከመሐል ሜዳ የተነሣ ጥያቄና የተሰጡት መልሶች

ይህ የኢንተርኔት ውይይት ክር ረጅም ነው። ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት) የተጫነበት ላፕቶፕ ይዞ ከዋይፋይ ጋር የሚታገል ሰው ገጹን ሁሉ ሳያገላብጥ ፍሬ ነገሩን እንዲያገኝ ብዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በራሴ ቃል አስፍሬዋለሁ። የጸሐፊዎቹን ስም ትቼ በየከተማቸው ጠርቻቸዋለሁ። ሐሳብ ባለኝ ቦታ የራሴን ጨምሬያለሁ፤ በተለይ ምርመራ ሳይደረግ መድኃኒት ሲታዘዝ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የመክፈቻው ጽሑፍ፦ ጥያቄውን ያነሡት በመንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ የሚያስተምሩ የፊዚክስ መምህር ናቸው። ያገለገለ ላፕቶፕ አላቸው፤ ዊንዶውሱ እየከበደው መሥራት ሲያቅተው ደብረ ብርሃን የሚገኝ አንድ ወጣት ሊኑክስ ሚንት ጫነላቸው። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ፈጥኗል፤ በዚህ በኩል ቅሬታ የላቸውም። ያስቸገራቸው ዋይፋዩ ነው። ራውተሩ ካለበት ጠረጴዛ አጠገብ ሲቀመጡ ላፕቶፑ ይገናኛል፤ የሚሠሩበት ጠረጴዛ ወዳለበት ሁለተኛ ክፍል ሲያልፉ ግን ምልክቱ ወደ አንድ መስመር ይወርድና ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል። እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው ስልካቸውን ሲከፍቱ ስልኩ ያለ እንከን ይሠራል። በብሉቱዝ የሚገናኘው ትንሽ ድምፅ ማጉያም ዜና ሲያሰማ ይቆራረጣል። ራውተሩ ሁለት ስሞችን እንደሚያሰራጭ፣ ስልኩ ሁለቱንም ሲያሳይ ላፕቶፑ አንዱን ፈጽሞ እንደማያሳይም ጠቀሱ። ቤታቸው እንደ አገሩ ወግ በድንጋይ የተሠራ፣ ግድግዳው ወፍራም መሆኑን ገልጸው፣ ጥፋቱ የግድግዳው፣ የሊኑክሱ ወይስ የላፕቶፑ እንደሆነ የሚያውቅ እንዲያስረዳቸው በትሕትና ጠየቁ።

ጥያቄው በደንብ የተጠየቀ ነው። ያው ቦታ፣ ያው ሰዓት፣ ያው ራውተር፣ ሁለት መሣሪያ። የመልሱን ግማሽ ይህ ንጽጽር ይዞት ነበር፤ ቀድመው የመጡት መልስ ሰጪዎች ግን አላዩትም።

መልስ 1፦ የመጀመሪያው ሰው ሊኑክስ ለቁም ነገር ሥራ እንደማይሆንና ወደ ዊንዶውስ መመለስ እንደሚሻል በአንድ መስመር ጻፈ። ምክንያት አላቀረበም፤ ተመልሶም አልመጣም።

መልስ 2፦ ደብረ ብርሃን የሚማር አንድ ተማሪ ከሌላ ቦታ የገለበጣቸውን ትእዛዞች በረጅሙ ደረደረ። ሥርዓቱን በሙሉ ማዘመን፣ ከርነሉን (የሥርዓቱን እምብርት) መቀየር፣ ከዚያም ግንኙነቱን የሚያስተዳድረውን ኔትወርክ ማኔጀር የተባለ ፕሮግራም አጥፍቶ እንደገና መጫን ይገኙበታል። የዋይፋይ ካርዱንም (ዋይፋዩን የሚቀበለውን የላፕቶፑን ክፍል) ስም በድሮው አጠራር «ደብሊውላን 0» ብሎ አስቀመጠው። ቅንነቱን አልጠራጠርም። ነገር ግን መምህሩ ምን ዓይነት ካርድ እንዳላቸው እንኳን አልጠየቀም።

መልስ 3፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ ኮምፒውተር የምትጠግን ባለሙያ ገባች፤ ክሩ ሥርዓት የያዘው ከዚህ በኋላ ነው። መምህሩን በአክብሮት ሰላም ካለች በኋላ፣ ከላይ የተዘረዘሩትን ትእዛዞች ለጊዜው እንዳይነኩ ለመነቻቸው። ኔትወርክ ማኔጀርን ኢንተርኔት በሌለበት ማሽን ላይ ያጠፋ ሰው መልሶ የሚያወርድበት መንገድ እንደማይኖረው፣ በዚህ ምክንያት ጭራሽ ያልተበላሸ ላፕቶፕ ተሸክመው እርሷ ዘንድ የመጡ ሰዎች እንዳሉ አስረዳች። የካርዱ ስም በአዲሶቹ ሥርዓቶች «ደብሊውኤልፒ» በሚሉ ፊደላት እንደሚጀምርና የተማሪው ትእዛዞች እንደ ተጻፉ ቢሞከሩ ካርዱ የለም የሚል መልስ ብቻ እንደሚያመጡም አረመች።

ከዚያም ሦስት ነገር ጠየቀች። አንደኛ፣ በተርሚናል (ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት) «ኤልኤስፒሲአይ» የሚለውን ትእዛዝ «ኤንኤንኬ» ከሚለው ማከያ ጋር እንዲያስኬዱና የገመድ አልባው ካርድ ስም ምን እንደሚል፣ ከሥሩም ድራይቨሩ (ካርዱን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም) በሥራ ላይ ነው የሚለው መስመር መኖሩን እንዲያዩ። ሁለተኛ፣ «አርኤፍኪል ሊስት» ብለው ካርዱ በሶፍትዌር ወይም በሃርድዌር ተዘግቶ እንደሆነ እንዲያጣሩ። ሦስተኛ፣ «ዲሜሴጅ» በሚለው ትእዛዝ የከርነሉን መዝገብ ከፍተው ፈርምዌር ጠፋ የሚል ቃል እንዲፈልጉ።

እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ሦስት የተለያዩ መንገዶችን ይለያሉ። ካርዱ በዝርዝሩ ውስጥ ፈጽሞ ከሌለ ነገሩ የሃርድዌር ወይም የባዮስ (ማሽኑ ሲነሣ መጀመሪያ የሚሠራው ቅንብር) ነው። ካርዱ ኖሮ የድራይቨሩ መስመር ከሌለ የጎደለው ድራይቨር ነው። ሁለቱም ኖረው መዝገቡ ስለ ፈርምዌር ካማረረ ደግሞ ድራይቨሩ በካርዱ ላይ የሚጭነው ፋይል አልተገኘም ማለት ነው። ሦስቱን ሳይለዩ የሚሰጥ ምክር ግምት ነው።

መልስ 4፦ መምህሩ አመስግነው ተመለሱ። ችግራቸው ተግባራዊ ነበር፦ ላፕቶፑ ከኢንተርኔት ከተለየ የወጣውን ጽሑፍ እንዴት አድርገው እዚህ ያምጡት? የስክሪኑን ፎቶ በስልክ አንሥተው ለመላክ ሞክረው ነበር፤ ፊደሉ ደቅቆ አልተነበበም።

መልስ 5፦ ይህን የመለሰው ከደብረ ሲና የጻፈ የባንክ ሠራተኛ ነው። አንድሮይድ ስልክን በዳታ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶ፣ በስልኩ ቅንብር ውስጥ ኢንተርኔትን በዩኤስቢ ማጋራት የሚለውን ማብራት እንደሚበቃ አስረዳ። ሊኑክስ ስልኩን እንደ ገመድ ኔትወርክ ስለሚቆጥረው ተጨማሪ ድራይቨር አይፈልግም። ስልኩ ራሱ በዋይፋይ ላይ ካለ ዋይፋዩን ያሻግራል፤ በሞባይል ዳታ ላይ ካለ ዳታውን። ገመዱ ኃይል ብቻ የሚሞላ ርካሽ ገመድ ከሆነ ግን ምርጫው እንደማይታይ አስጠነቀቀ። ራሱን በራሱ የሚያዘምነውን ፕሮግራም አስቀድሞ ማጥፋት እንዳይረሳም አከለ፤ የከርነልና የፈርምዌር ጥቅሎች ትልልቅ ስለሆኑ የተገዛውን የሞባይል ዳታ ሳይታወቅ ሊጨርሱት ይችላሉ።

ይህ መልስ በእኔ እምነት ለብቻው ተቆርጦ ሊቀመጥ የሚገባው ነው። በገጠር ከተማ ያለ ሰው ዋይፋይ ለማስተካከል ዋይፋይ ያስፈልገዋል፤ ከዚያ ቀለበት የሚያወጣው አንድ ገመድ ነው።

መልስ 6፦ ከአንኮበር የጻፉት አዛውንት በቴሌኮሙኒኬሽን ሥራ ያገለገሉ ጡረተኛ ናቸው። ግድግዳውን ከሰሱ። የመንዝ ድንጋይ ቤት ግድግዳ ሬዲዮ ሞገድን አጥብቆ እንደሚያዳክም፣ በክረምት እርጥበት ሲጠጣ ደግሞ እንደሚብስ፣ የቆርቆሮ ጣሪያና የብረት ቁም ሣጥን ሞገዱን እየመለሱ ነገሩን እንደሚያወሳስቡት ጻፉ። ራውተሩ ከቴሌቪዥን ኋላና ከወለል አጠገብ ካለ አንሥተው ወደ በሩ ትይዩ፣ ከፍ ባለ ቦታ እንዲያስቀምጡት መከሩ። ስለ ሁለቱ ስሞችም አብራሩ፦ አንደኛው በ2.4 ጊጋኸርዝ፣ ሌላኛው በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ሊሆን እንደሚችል፣ 5ቱ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ሲገጥመው ቶሎ እንደሚደክም።

መልስ 7፦ እዚህ ላይ ቃናው ተለወጠ። አንድ ወጣት፣ ከየት እንደሆነ ያልገለጸ፣ አዛውንቱን «አንተ» እያለ ተናገራቸው። ስልኩ በዚያው ግድግዳ ውስጥ አልፎ እየሠራ ግድግዳውን መክሰስ ጥያቄውን አለማንበብ እንደሆነ ጻፈ፤ የድሮ ዕውቀት ለዛሬ መሣሪያ እንደማይሆንም ጨመረበት።

መልስ 8፦ የባንክ ሠራተኛው ተመልሶ ወጣቱን ገሠጸው። በዕድሜ አባቱ ለሚሆኑ ሰው እንዲህ አይጻፍም አለ። ስለ ስልኩ የተናገረው ግን ትክክል መሆኑን አልካደም። ሌሎች ሁለት ሰዎችም ይህንኑ ደገሙ፤ ለጥቂት ጊዜ ስለ ዋይፋይ የሚጽፍ ሰው ጠፋ።

መልስ 9፦ አዛውንቱ ራሳቸው ነገሩን አበረዱት። ስድቡን ዘለው ክርክሩን ብቻ መለሱለት። ግድግዳው ከሁለቱም መሣሪያዎች እኩል እንደሚቀንስ ተስማሙ፤ እኩል ተቀንሶበት ስልኩ የሚተርፈው ካለ፣ ላፕቶፑ ግን ካልተረፈው፣ ላፕቶፑ ከመጀመሪያውም ጥቂት ይቀበል ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ክርክሩን የሚቆርጠው መለካት ነው አሉ። የምልክቱን መስመሮች መቁጠር ትተው፣ «አይደብሊው» በሚለው መሣሪያ የምልክቱን ኃይል በዲቢኤም እንዲያነቡ፣ አንድ ጊዜ ከራውተሩ ሥር፣ አንድ ጊዜ ከግድግዳው ማዶ። ቁጥሩ አሉታዊ ስለሆነ ወደ ዜሮ የቀረበው ጠንካራው ነው፤ በ10 ዲቢ መውረድ ማለት ኃይሉ ወደ አንድ አሥረኛ መውረድ ነው።

የሰደባቸውን ልጅ ትክክለኛ ሐሳብ ወስደው ወደ ሚዛን መቀየራቸው አስደስቶኛል። ወጣቱም በኋላ፣ በመልስ 14 ላይ፣ «እርስዎ» ብሎ ይቅርታ ጠየቀ።

መልስ 10፦ መምህሩ በስልኩ ገመድ ተገናኝተው ሁሉንም ይዘው መጡ። ካርዱ ሪልቴክ 8723ቢኢ ነው። ድራይቨሩ በሥራ ላይ ነው። «አርኤፍኪል» ምንም የተዘጋ ነገር አላሳየም። መዝገቡም ስለ ፈርምዌር አላማረረም። ኃይሉ ግን አስገራሚ ነበር፦ ራውተሩን በእጅ መንካት በሚቻልበት ርቀት 63 ሲቀነስ (-63 ዲቢኤም)፣ ከግድግዳው ማዶ 81 ሲቀነስ (-81 ዲቢኤም)። የፊዚክስ መምህር ናቸውና ስሌቱን ራሳቸው ሠሩት፦ ግድግዳው የወሰደው 18 ዲቢ ነው፤ ይህ በራሱ ላፕቶፕን አይጥልም። የሚያጠያይቀው የመጀመሪያው ቁጥር ነው። ከራውተሩ ሥር ተቀምጦ 63 ሲቀነስ ማንበብ ጤናማ አይደለም።

መልስ 11፦ ከሸዋ ሮቢት የመጣ አንድ ልጅ ክሩን ወደ ራሱ ችግር ጠመዘዘው። ከአዲስ አበባ የተገዛለት አነስተኛ የዩኤስቢ ዋይፋይ ዶንግል አለው፤ ሊኑክሱ ላይ ሲሰካው ዋይፋይ ሆኖ አይታይም፣ በምትኩ የሲዲ ምስል ይወጣል። ዶንግሉ የተበላሸ መሆኑን ሻጩ እንደማያምንለትም አማረረ።

መልስ 12፦ ባለሙያዋ ለልጁ በአጭሩ መለሰችለት። ዶንግሉ ደኅና ነው። አምራቾች የዊንዶውስ ድራይቨሩን በዶንግሉ ውስጥ ስለሚያስቀምጡት ሲሰካ መጀመሪያ ራሱን እንደ ሲዲ ያቀርባል፤ የሲዲውን ምስል ተጭኖ ማስወጣት የሚለውን ሲመርጥ ወደ ዋይፋይ ይቀየራል። በራሱ እንዲቀየር ከፈለገ «ዩኤስቢ ሞድስዊች» የሚባል ጥቅል አለ። በዶንግሉ ውስጥ ያለው ሪልቴክ 8811ሲዩ ከሆነ ደግሞ ድራይቨሩ በ2023 ከወጣው ከርነል 6.2 ጀምሮ በውስጡ ስለሚገኝ፣ በከርነል 6.8 የሚመጣውን ኡቡንቱ 24.04 (ሌላ የሊኑክስ ዓይነት) ወይም በእርሱ ላይ የተሠራውን ሚንት ቢጭን ከሌላ ቦታ ምንም ማውረድ አያስፈልገውም። ልጁ ሲዲውን አስወጥቶ ዋይፋዩን አየ፤ ደስታውን በሚያስተጋባ መልእክት ገለጸና ሄደ።

መልስ 13፦ አሁን ወደ ዋናው። ባለሙያዋ 8723ቢኢን ስታይ ነገሩን አወቀችው። ይህ ካርድ ሁለት የአንቴና መሰኪያዎች አሉት። በብዙ ርካሽ ላፕቶፖች ውስጥ አምራቹ የሚያገናኘው አንድ የአንቴና ሽቦ ብቻ ነው። ድራይቨሩ የትኛው መሰኪያ ሽቦ እንዳለው የሚያውቀው በካርዱ ላይ ከተጻፈ መረጃ ነው፤ መረጃው ከተሳሳተ ድራይቨሩ ሽቦ በሌለው መሰኪያ ያዳምጣል። ካርዱ ይሠራል፣ ድራይቨሩ ይሠራል፣ መዝገቡ ንጹሕ ነው፤ የሚሰማው ግን ከጎረቤት ክፍል እንደሚመጣ ድምፅ የደከመ ነው። የዊንዶውስ ድራይቨር በዚያው ማሽን ላይ ትክክለኛውን ስለሚመርጥ ሰው ጥፋቱን በሊኑክስ ላይ ይጥላል።

መፍትሔውን በእርጋታ፣ በቅደም ተከተል ጻፈችላቸው። ለድራይቨሩ «አንት ሰል» የሚባል ማከያ አለ፤ በሁለቱ ቃላት መካከል ዝቅ ያለ ሰረዝ ይገባል። ዋጋው 1 ወይም 2 ሲሆን አንዱን መሰኪያ ያስገድዳል። መጀመሪያ «ሞድፕሮብ» በሚለው ትእዛዝ ድራይቨሩን ከሥራ ማስወጣት፤ ከዚያ በዚያው ትእዛዝ ከማከያው ጋር መልሶ መጫን፤ መለካት። አንዱ ካልሆነ ሌላውን መሞከር። በዚህ መንገድ የተሞከረ ነገር ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ስለሚጠፋ ምንም አያበላሽም። የተሻለው ቁጥር ከታወቀ በኋላ ብቻ «ኢቲሲ» ውስጥ ባለው «ሞድፕሮብ ነጥብ ዲ» ማኅደር አንድ ፋይል ፈጥሮ መስመሩን ማጽናት። ስለ ሁለተኛው የራውተር ስምም መልሱን ሰጠች፦ 8723ቢኢ በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ የሚሠራ ካርድ ስለሆነ የ5 ጊጋኸርዙን ስም ማንም ድራይቨር ሊያሳየው አይችልም።

መልስ 14፦ የወጣቱ ይቅርታ እዚህ ነው። አብሮም አንድ ጠቃሚ ነገር አመጣ፦ «ሞድኢንፎ» የሚለው ትእዛዝ አንድ ድራይቨር የሚቀበላቸውን ማከያዎች ሁሉ ከነማብራሪያቸው እንደሚዘረዝር፣ ስለዚህ ማንም ሰው የተነገረውን ከመሞከሩ በፊት ማከያው በእርግጥ መኖሩን ማረጋገጥ እንደሚችል።

መልስ 15፦ መምህሩ ውጤቱን ይዘው መጡ። 1 ሲያደርጉት ምንም አልተለወጠም። 2 ሲያደርጉት ከግድግዳው ማዶ ያለው ንባብ ከ81 ሲቀነስ ወደ 51 ሲቀነስ ወጣ። የ30 ዲቢ ልዩነት ኃይሉ 1000 እጥፍ መጨመሩን እንደሚያሳይ ለሌሎቹ አንባቢዎች አስረዱ፤ ይህን ቁጥር በሎጋሪዝም ትምህርት ላይ ለተማሪዎቻቸው እንደሚያቀርቡትም ተናገሩ። ግድግዳው ያው ግድግዳ፣ ሊኑክሱም ያው ሊኑክስ ነው። የተቀየረው አንድ ቁጥር ነው።

አንድ ነገር ግን ቀርቷቸው ነበር። ላፕቶፑ ጥቂት ደቂቃ ሥራ ፈትቶ ሲቆይ ግንኙነቱ ይቋረጣል።

መልስ 16፦ የባንክ ሠራተኛው ይህ የኃይል ቁጠባ ጉዳይ ሊሆን እንደሚችል ጻፈ። በኡቡንቱና በሚንት ኔትወርክ ማኔጀር የዋይፋይ ኃይል ቁጠባን የሚያበራ ትንሽ ፋይል አለው፤ በውስጡ ያለው 3 ቁጥር ማብራት፣ 2 ቁጥር ማጥፋት ማለት ነው። ያንን ወደ 2 ቀይሮ አገልግሎቱን ማስነሣት ነው። ካልበቃ 8723ቢኢ የራሱ የቁጠባ ማከያዎች ስላሉት እነርሱንም በ«ሞድፕሮብ ነጥብ ዲ» ማኅደር በተፈጠረው ፋይል ማጥፋት ይቻላል። ባትሪው በመጠኑ ቶሎ ሊያልቅ እንደሚችል ሳይደብቅ ተናገረ። መምህሩ በመጀመሪያው ለውጥ ብቻ መቆራረጡ እንደቆመ በኋላ አረጋገጡ።

መልስ 17፦ ሊኑክሱን የጫነላቸው የደብረ ብርሃኑ ወጣት ክሩን አግኝቶ ብቅ አለ። ስሙ ስላልተነሣ አመሰገነ። ዋይፋዩን ሳይፈትሽ እንዳላስረከበ፣ በሱቁ ግን ራውተሩ ከሥራ ጠረጴዛው በላይ ተሰቅሎ ስለሚገኝ የደከመ አንቴና እንኳን ደኅና መስሎ እንደሚታይ አስረዳ። ከእንግዲህ የሚያስረክበውን ላፕቶፕ ሁሉ ወደ ጎዳናው ማዶ ወስዶ ዲቢኤሙን እንደሚያነብ ጻፈ። ይህ ልማድ በየጥገና ሱቁ ቢገባ ብዙ ሰው ከምልልስ ይድናል፤ በተለይ መኪና ተሳፍሮ ከመንዝ ወይም ከመርሐቤቴ ለሚመጣ ባለጉዳይ።

መልስ 18፦ ከዚህ በኋላ ክሩ በሌላ መንገድ ነጎደ። አንድ ሰው ሪልቴክም ሆነ ብሮድኮም የተባለው ሌላ የካርድ አምራች ዝግ (ምንጩ ለሰው የማይታይ) ፈርምዌር ስለሚጠቀሙ ነፃ ሶፍትዌር የሚወድ ሰው ጨርሶ ሊነካቸው አይገባም ብሎ ተነሣ። ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ዓይነት በሰኔ 2023 በወጣው 12ኛ እትሙ ነፃ ያልሆነ ፈርምዌርን በመጫኛው ውስጥ ማካተቱን እንደ ክህደት ቆጠረው።

መልስ 19፦ ባለሙያዋ እስካሁን ያልታየባት ቁጣ እዚህ ተሰማ። ዴቢያን ከዚያ በፊት ሲጫን በመሐል ቆሞ ፈርምዌር በፍላሽ አምጣ እያለ ይጠይቅ እንደነበር፣ ያንን ፍላሽ የሚያዘጋጅበት ሌላ ኮምፒውተር የሌለው ሰው እዚያው ላይ ተስፋ ቆርጦ ይተወው እንደነበር ጻፈች። ስለ መርህ መከራከር መብት ነው፤ ነገር ግን ደመወዙን አብቃቅቶ ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛ መምህርን ካርድህን ጣለው ማለት ነፃነትን ማስተማር እንዳልሆነ ተናገረች። እኔም ከእርሷ ጋር ነኝ። ካርድ መምረጥ የሚችል ሰው ድራይቨሩ በከርነሉ ውስጥ ያለውን ይምረጥ፤ ያለውን ይዞ የመጣውን ግን በያዘው ላይ እንርዳው።

መልስ 20፦ የነፃ ሶፍትዌሩ ሰው አልተረታም። ባለሙያዋ የገለጸችው ድካም የሚመጣው ከዝግ አምራቾች መሆኑን፣ አንቴናው የተሳሳተበት መረጃም በግልጽ ቢሰነድ ኖሮ ቶሎ ይታረም እንደነበር መለሰ። ይህኛው ነጥቡ ሊናቅ አይገባም።

መልስ 21፦ በመካከል አንዲት የጫጫ ተማሪ በሊኑክስ አማርኛ እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቀች። አዛውንቱ «አይባስ» ከተባለው ማስገቢያ ጋር «ኤም17ኤን» የሚባለውን ጥቅል ጭና፣ አማርኛን መርጣ በላቲን ቁልፎች እንደ ድምፁ መጻፍ እንደምትችል መለሱላት። እርሳቸው ይህንን ሁሉ የሚጽፉት በዚያ መንገድ እንደሆነ ነገሯት። ከርእሱ የወጣ ቢሆንም ማንም አልከለከለም።

መልስ 22፦ መምህሩ ስለ ድምፅ ማጉያው አስታወሱ። አንቴናው ከተስተካከለ ወዲህ በጣም ተሻሽሏል፤ ትልቅ ፋይል ሲያወርዱ ግን አሁንም ይቆራረጣል።

መልስ 23፦ ይህን አዛውንቱ በሚገባ አብራሩት። ብሉቱዝና የ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ በአንድ የሞገድ ክልል ይኖራሉ። ብሉቱዝ ክልሉን እያንዳንዳቸው አንድ ሜጋኸርዝ በሆኑ 79 ቻናሎች ከፋፍሎ በሰከንድ እስከ 1600 ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል፤ የዋይፋይ ቻናል ደግሞ ከዚያው ክልል 20 ሜጋኸርዝ ይይዛል። በ8723ቢኢ ላይ ሁለቱም በአንድ ካርድ ስላሉና አንድ አንቴና ስለሚጋሩ በተራ መናገር አለባቸው። ብሉቱዙ ከአንቴናው ጋር አብሮ የተሻሻለውም በዚህ ምክንያት ነው። ማውረዱ ሲበረታ የድምፁ ተራ ይዘገያል። ይህን የሚፈውስ ትእዛዝ የለም፤ ላፕቶፑን በገመድ ከራውተሩ ጋር ማገናኘት ወይም ድምፅ ማጉያውን በሽቦ መሰካት ነው።

የባንክ ሠራተኛውም አንድ ነገር ጨመረ፦ ከድምፅ ማጉያው ወይም ከዶንግሉ አጠገብ የዩኤስቢ 3 ዲስክ የሰካ ሰው ያንን ያርቀው። የዩኤስቢ 3 መሣሪያና ገመድ በ2.4 ጊጋኸርዝ ክልል ጫጫታ እንደሚያወጣ ኢንቴል በ2012 ባወጣው ጽሑፍ አሳይቷል። መምህሩ የፈተና ወረቀቶቻቸውን የሚያስቀምጡበት ዲስክ በላፕቶፑ ግራ ተሰክቶ ነበር፤ ወደ ቀኙ ሲያዛውሩት የማውሱ መንቀጥቀጥ ጭምር ጠፋ። ማውሱም ገመድ አልባ እንደሆነ የነገሩን ያን ጊዜ ነው።

መልስ 24፦ መልስ 2 ላይ ትእዛዞቹን የደረደረው ተማሪ ተመልሶ መጣና፣ ከርነሉ ሲዘመን ይህ ማስተካከያ ይጠፋ እንደሆነ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነበር። የደብረ ብርሃኑ ወጣት መለሰ፦ በ«ሞድፕሮብ ነጥብ ዲ» ውስጥ የተጻፈ መስመር ከከርነሉ ውጭ ስለሆነ በማዘመን አይጠፋም። የሚጠፋው ከኢንተርኔት አውርደው በእጅ የገነቡት ድራይቨር ነው፤ እርሱ ለተገነባበት ከርነል ብቻ ይሠራል። «ዲኬኤምኤስ» በሚባለው መንገድ የተጫነ ከሆነ ግን አዲስ ከርነል ሲመጣ በራሱ ይገነባል።

መልስ 25፦ መምህሩ በመጨረሻ ስለ ትምህርት ቤቱ አነሡ። ርእሰ መምህሩ የማሽናቸውን መሻሻል አይተው በኮምፒውተር ክፍሉ ያሉት ላፕቶፖችም በሊኑክስ እንዲሠሩ ጠይቀዋቸዋል። ያንኑ ፋይል በሁሉም ላይ ይቅዱት?

መልስ 26፦ ባለሙያዋ አይሆንም አለች። ፋይሉ 8723ቢኢ ለሌለው ማሽን ምንም አይሠራም፤ መልኩ የሚመሳሰል ላፕቶፕ ውስጡ ሌላ ካርድ ሊኖረው ይችላል፤ ያው ካርድ ያለውም ሽቦው በሌላኛው መሰኪያ ሊሆን ስለሚችል በ2 ፈንታ 1 ይፈልግ ይሆናል። በእያንዳንዱ ላይ በፍላሽ ሚንትን ሳይጭኑ ማስነሣት፣ «ኤልኤስፒሲአይ»ን ማስኬድ፣ የካርዱን ስም በወረቀት መመዝገብ፤ ከዚያ ወደ እርሷ መላክ።

መልስ 27፦ መምህሩ ዝርዝሩን ላኩ። ጥቂቶቹ የኢንቴል ካርድ ያላቸው በመሆናቸው ምንም አልፈለጉም፤ ፈርምዌራቸው ከሥርዓቱ ጋር ይመጣል። ሁለቱ 8723ቢኢ ናቸው፤ አንደኛው በ1፣ ሌላኛው በ2 ተስተካከለ። ሦስቱ ግን ብሮድኮም 43142 ሆነው ተገኙ። እነዚህ በከርነሉ ውስጥ ባለ ድራይቨር አይሠሩም፤ የአምራቹን ዝግ ድራይቨር ይፈልጋሉ። በሚንት የመጫኛውን ፍላሽ ሰክቶ ከድራይቨር ማስተዳደሪያው ያለ ኢንተርኔት መጫን ይቻላል። በባዮስ ውስጥ ሴኪዩር ቡት (ያልተፈቀደ ድራይቨር እንዳይጫን የሚከለክል መቆለፊያ) የበራ ከሆነ ማሽኑ በሚቀጥለው ማስነሣት ላይ በሰማያዊ ስክሪን የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ያንን ስክሪን ሳይመልስ ያለፈ ሰው ድራይቨሩ ተጭኖ ዋይፋዩ አይታየውም። በሦስቱ ማሽኖች ላይ የሆነውም ይኸው ስለነበር ጥያቄው ለብቻው በአዲስ ክር ተከፍቷል፤ ባለሙያዋም መልስ መስጠት ጀምራለች።